«እምቢ ብል ባለቤቴን አሳፍራለሁ፤ እሺ ብል እንቅልፍ የለኝም»

ጥያቄ፦ ሮማ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ከኖርኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ትልቋ ልጃችን 12 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 6 ዓመቱ ሲሆን አስም አለበት። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በሰኔ መጨረሻ በራሱ የሸራ ጀልባ ከሲሲሊዋ የወደብ ከተማ ከሚላጾ ተነሥተን ቩልካኖ፣ ሊፓሪ፣ ፓናሬያና ስትሮምቦሊ የተባሉትን የእሳተ ገሞራ ደሴቶች በአምስት ቀን እንድናይ ጋበዘን። ባለቤቴ እኔን ሳይጠይቀኝ «እሺ» ብሎ ጨርሷል። እኔ ዋና አልችልም። ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ዝቋላ አቦን በእግራቸው የወጡ ብርቱ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ግን «እሳት የሚተፋ ተራራ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ልጅ ይዛችሁ ምን ልታደርጉ ትሄዳላችሁ?» ይላሉ። እምቢ ብል ባለቤቴን አሳፍራለሁ፤ እሺ ብል እንቅልፍ የለኝም። ምን ይሻለኛል? ብንሄድስ ለጋባዡ ምን ይዘን እንሂድ?

እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ከሮማ

መልስ፦ የተከበሩ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባቤ ያስጨነቀዎት እሳተ ገሞራው መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዓይኔ «እሳት» የሚለውን ቃል አልፎ «አሳፍራለሁ» የሚለው ላይ ተተከለ። ባለቤትዎ ባልደረባቸውን እምቢ ለማለት ይሉኝታ ያዛቸው፤ እርስዎ ባለቤትዎን እምቢ ለማለት ይሉኝታ ያዘዎት፤ ነገ ጀልባው ላይ ደግሞ ትልቋ ልጅዎ አባቷ ቅር እንዳይላቸው ብላ ፍርሃቷን ውጣ ልትቀመጥ ትችላለች። ጉዞው በራሱ ለቤተሰብ የማይሆን አይደለም፤ በየበጋው ልጆቻቸውን ይዘው በእነዚያ ደሴቶች መካከል በሸራ የሚመላለሱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እኔን የሚያሰጋኝ ይሉኝታ አምስተኛ ተሳፋሪ ሆኖ አብሯችሁ መሄዱ ነው፤ ባሕር ላይ በጊዜው ያልተነገረ ነገር እየቆየ ይብሳልና። ስለዚህ ሂዱ ወይም ቅሩ ብዬ በአንድ ቃል አልመልስልዎትም፤ ጉዞውን በታትነን እንየውና ከቤተሰቡ ማን የቱ ጋ እንደሚሄድ፣ የቱ ጋ እንደሚቀር፣ የቱ ጋ መውረድ እንደሚችል ሳትነሡ በፊት ወስኑ።

ይህን ለምን እንዳስቀደምኩ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ከእህቴ ቤተሰብ ጋር በዚያው ባሕር ላይ ከሊፓሪ ወደ ፓናሬያ በሸራ ጀልባ ስንሄድ፣ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከታች ካለው ክፍል ገብቶ ስልክ ሲነካካ ቆየና ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አባቱ ጀርባውን ያሻል፤ እኔ ሎሚ ቆርጬ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሆነን ሳለ «እናስቸግረዋለን፣ ጉዞውን እናበላሽበታለን» ብለን መሪውን ለያዘው ሰው አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውየው ባልዲውን ራሱ አየና ተቆጣ። «ደሴቷ ነፋሱን በምትከልልበት በኩል ዞሬ መሄድ እችል ነበር፤ እዚያ ማዕበሉ ትንሽ ነው፤ ለምን ዝም አላችሁ?» አለን። መንገዱን ቀየረ፤ ልጁም ወደ ላይ ወጥቶ አድማሱን እያየ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ዳቦ ጠየቀ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የባለቤትዎ ነው። ባልደረባቸውን ይደውሉና «ቤተሰቤ ባሕር አያውቅም፤ ከመካከላችን አንዱ በቃኝ ካለ ያለ ክርክር ወደ ቅርቡ ወደብ ትወስደናለህ?» ብለው ይጠይቁ። ባሕር የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ ደስ ይለዋል እንጂ። ከተቀየመ ደግሞ መልስዎን አገኙ ማለት ነው፤ አይሂዱ። መውረዱ የሚያስፈራ ነገር የለበትም፤ አሊስካፎ የሚሏቸው ፈጣን የመንገደኛ ጀልባዎች በበጋ ደሴቶቹን እርስ በርስና ከሚላጾ ጋር ያገናኛሉ፤ ፓናሬያ ላይ የሰለቸው ሰው ትኬት ቆርጦ ሊፓሪ ይገባል። ሆኖም ባሕሩ ክፉኛ ሲናወጥ አሊስካፎዎቹም ይቆማሉና፣ «በቃኝ» የሚባለው የአየሩ ትንበያ ሳይከፋ በዋዜማው እንጂ መልሕቁ መንሸራተት ሲጀምር መሆን የለበትም።

በዚሁ ስልክ ሌላ ሁለት ነገር ይጠየቅ። አንዱ የፈቃዱ ጉዳይ ነው፤ በጣሊያን ሕግ ከዳርቻ ከ6 የባሕር ማይል በላይ የሚርቅ ጀልባ የሚነዳ ሰው ፓቴንቴ ናውቲካ የሚባለው የጀልባ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው እሱን ነው፤ ከጋባዡ ሌላ ጀልባውን ወደ ወደብ መመለስ የሚችል ሰው አብሯችሁ አለ? ሰውየው እጁ ቢሰበር ወይም ትኩሳት ቢጥለው፣ መኪና እንጂ ጀልባ ነድተው የማያውቁት ባለቤትዎ ምን ያደርጋሉ? ሌላ ሰው ከሌለ በመጀመሪያው ቀን ለባለቤትዎና ለትልቋ ልጅዎ ሞተሩን ማስነሣት፣ ሸራውን ማውረድና በሬዲዮው በ16ኛው ቻነል እርዳታ መጥራት ይማሩ። የጣሊያን የባሕር ዳርቻ ጥበቃ የአደጋ ስልክ 1530 ነው።

ስለ ባሕሩ ደግሞ እውነቱን ልንገርዎ፤ ይወዘውዛል። ሰባቱ የኤኦሊ ደሴቶች ስማቸውን የወረሱት ግሪኮች የነፋሳት ጌታ ነው ከሚሉት ከኤኦሎስ ነው። በሰኔ መጨረሻ ባሕሩ ብዙ ጊዜ የረጋ ቢሆንም፣ ማኤስትራሌ የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ይገላበጣል። ከሚላጾ እስከ ቩልካኖ በሸራ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህ የመጀመሪያው መሻገሪያ ለልጆች ከባዱ ነው፤ ማለዳ ነፋሱ ሳይበረታ ቢነሡበት ይሻላል። ከሁለት ዓመት በላይ ያሉ ልጆች እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ድረስ ከአዋቂ ይልቅ በባሕር ሕመም ይጠቃሉ፤ መድኃኒት ካስፈለገም ለትንሹ የሚሆነውን የሕፃናት ሐኪሙ ይንገሯችሁ፤ ማጥወልወሉ ከመጣ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒት እምብዛም አይረዳም። ምግቡ ደረቅ ይሁን፤ የኛ ዳቦ ቆሎ ለዚህ የተሠራ ይመስል።

ጀልባው በሸራ ሲሄድ ወደ ጎን ያጋድላል፤ ላልለመደ ሰው የመገልበጥ መጀመሪያ ይመስለዋል። እርስዎም ልጆቹም ይህን አስቀድማችሁ ዕወቁ፦ ከጀልባው ሆድ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶ ያህል ይሆናል፤ ጀልባው ባጋደለ መጠን ይህ ክብደት መልሶ ያቃናዋል፤ ልጆች ቢገፉት ቢጥሉት ተነሥቶ የሚቆመውን አሻንጉሊት ዓይነት ነው። ማጋደሉ ከበዛብዎ «ሸራውን ትንሽ ቀንስልን» ይበሉ። ይህ የፈሪ ጥያቄ አይደለም፤ መርከበኞች ራሳቸው በቀን ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ነው።

ዋና አለመቻልዎ ከጉዞው አያስቀርዎትም፤ ላይፍ ጃኬትዎን ግን ከወደቡ ድልድይ ጀምረው መልሕቅ እስኪጣል ድረስ አያውልቁት፤ መልሕቅ ከተጣለም በኋላ ከላይ ሲሆኑ ይልበሱት። እናታቸው የለበሰችውን ልጆች አያወልቁም። የትንሹ ላይፍ ጃኬት በኪሎው ልክ የተሠራና በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው መሆን አለበት፤ የአዋቂ ጃኬት ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ በኩል ይወልቃል። ጋባዡ የልጅ መጠን ከሌለው ራስዎ ገዝተው ይሂዱ፤ ይህም ይሉኝታ የማይገባበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ቩልካኖ እንምጣ፤ ለትንሹ ልጅ ሲባል ረዘም አድርጌ ልጽፍልዎ ነው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች እሳተ ገሞራ የሚጠራበት ቃል የወጣው ከዚህች ደሴት ስም ነው። ላ ፎሳ የሚባለው ተራራዋ ከፍታው 391 ሜትር ብቻ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ1888 እስከ 1890 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እሳት አልተፋም፤ መተንፈሱን ግን አላቆመም። ከአፉ ዙሪያ ከተሰነጠቀው መሬት ቢጫ ድኝ የሚያስቀምጥ ትኩስ ጋዝ ይወጣል፤ ወደቡ አጠገብም ባሕሩ ራሱ እንደ ተጣደ ውኃ ይንፈቀፈቃል። በኅዳር 2021 የጋዙ መጠን እጅግ ስለ ጨመረ፣ ባለሥልጣናቱ በወደቡ አካባቢ ማደርንና ወደ አፉ መውጣትን ለጊዜው ከልክለው ነበር። ክልከላው በኋላ ቢነሣም ደንቡ እንደ ተራራው ሁኔታ ይለወጣልና በምትደርሱበት ሰሞን የወጣውን ትእዛዝ ጠይቁ።

ለልጅዎ የሚያሰጉት ጋዞች ሁለት ናቸው። ጉሮሮ የሚከረክመው የድኝ ጋዝ አስም ያለበትን ሰው የመተንፈሻ ቧንቧ ያጠብባል፤ ይህ ለጤነኛ ሰው ሳል ብቻ የሆነው ነገር ለእሱ የከፋ ጥቃት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሁለተኛው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ በጉድጓድና በረባዳ ቦታ ይተኛል፤ ቁመቱ አጭር የሆነ ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ ትንሹ ወደ አፉ አይውጣ፤ ወደቡ አጠገብ ጭስ ወዳለበትም አይጠጋ። ጀልባው ከላ ፎሳ ርቆ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ጄልሶ በሚባለው ስፍራ ቢያቆም ልጁ ጥቁር አሸዋ ላይ ይጫወታል፤ እርስዎም እግርዎን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ማደሪያችሁ ግን ሊፓሪ ይሁን። አባትና ትልቋ ልጅ ተራራው ክፍት ከሆነ በሌላ ጠዋት ከሊፓሪ ተሻግረው ይውጡት፤ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ አቀበት ነው፤ ጫማቸው የተሸፈነ ይሁን፤ ጭሱ ወደ ሚነፍስበት አቅጣጫ አይሂዱ። የልጁን ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ ሁለት አድርገው ይያዙ፤ አንዱ ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ሆኖ ከላይ መሪው አጠገብ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ከታች ካለው ሻንጣ ሥር የተቀበረ መድኃኒት፣ ጀልባው ሲናወጥ፣ እንደሌለ ነው።

አማትዎን በተመለከተ ክርክር አያንሱባቸው። ዝቋላ የወጡ እናት እሳት በተፋ ተራራ አናት ላይ ቆመው ያውቃሉ፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አጠገብ ያለው ሐይቅ የተኛው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆችም በእንዲህ ያለ ፍንዳታ የተቆፈሩ ናቸው። ይህን ለማሸነፊያ ሳይሆን ለወግ ያንሡት፤ «እማማ፣ ዝቋላ ላይ ያለው ውኃ ከየት መጣ?» ብለው ይጀምሩና እሳቸው ይጨርሱት። በጀልባው ግን አያሳፍሯቸው። ጠባብ መሰላል ወደ ታች መውረድ፣ በፓምፕ የሚታጠብ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበ መጸዳጃ ቤት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃነቅ አልጋ ለእሳቸው ዕረፍት አይሆንም። ከሚላጾ በአሊስካፎ ሊፓሪ ይግቡ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ትንሽ ቤት ተከራዩና መናኸሪያችሁ ትሁን፤ እርስዎና ትንሹም ባሕሩ የከበዳችሁ ቀን ከእሳቸው ጋር ትውላላችሁ።

ሊፓሪ ለእሳቸው የሚሆን ነገር አላት። ካቴድራሏ በሐዋርያው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም የተሠራ ነው፤ ዐፅሙ በባሕር ወደዚህች ደሴት መጥቶ እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል። (በኋላም ወደ ሮማ ተወሰደ ይባላልና፣ በቲቤር ወንዝ ደሴት ላይ ያለውን በስሙ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ከቤታችሁ በአውቶቡስ ሄደው ሊሳለሙት ይችላሉ።) በሰኔ መጨረሻ ጾመ ሐዋርያት ላይ ናችሁ፤ የሐዋርያውን ቤት በሐዋርያት ጾም መሳለም እሳቸውን ከእኔ ምክር ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምናቸው ይመስለኛል። ለጾማቸውም አይቸገሩም፤ ፓኔ ኩንጻቶ የሚባለውን በቲማቲም፣ በወይራ ዘይትና በኬፐር የሚቀርብ የአገሩን ዳቦ ያለ አይብና ያለ ዓሣ ይዘዙላቸው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሎሚ ግራኒታ።

ስትሮምቦሊ የጉዞው ልብ ነው፤ እዚህ ጋ ባለቤትዎ ለምን ቸኩለው «እሺ» እንዳሉ ይገባኛል። ከባሕር በላይ 924 ሜትር የሚቆመው ይህ ተራራ ቢያንስ ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ ሳያቋርጥ ይፈነዳል፤ የድሮ መርከበኞች የሜዲትራኒያን መብራት ቤት ይሉት ነበር። ሽሮ ድስት ውስጥ ስትንተከተክ አይተዋል፤ አረፋው ከሥር ወጥቶ ፊቱ ላይ ሲፈነዳ ጠብታ ይረጫል። ስትሮምቦሊም ይኸው ነው፤ ከቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ በአፉ ላይ ሲፈነዳ የጋለ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይወረውራል፤ ብዙውን ጊዜ በየአሥር ወይም ሃያ ደቂቃው። ድንጋዩ ሻራ ዴል ፉዎኮ፣ «የእሳት ተዳፋት» በሚሉት የሰሜን ምዕራብ ገደል ላይ እየተንከባለለ ባሕር ይገባል። ይህ ጎን ከሁሉ በላይ ደምቆ የሚታየው ከባሕር ላይ ነው።

ቤተሰቡ ማየት ያለበት ከዚያው ነው፤ ከጀልባው፣ ከርቀት፣ በጨለማ። ከፓናሬያ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ብትነሡ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ተጉዛችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደርሳላችሁ። ሞተሩ ይጠፋል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ ውኃው የጀልባውን ጎን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሰማዩ በአንድ ቦታ ይቀላል፤ ድምፅ የለም። ትልቋ ልጅዎ ትቁጠር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ጉርምርምታው ደረት ላይ ሲያርፍ የቆጠረችውን ለሦስት ታካፍልና ስንት ኪሎ ሜትር እንደራቃችሁ ትንገራችሁ። ትንሹ በጭንዎ ላይ ሆኖ ቢተኛም አይቀስቅሱት፤ ተራራው ይደግመዋል።

መቅረብ ግን የለም፤ ይህን በጥብቅ እላለሁ። ሐምሌ 3 ቀን 2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተራራው ከልማዱ ውጭ በኃይል ፈንድቶ አንድ የተራራ ተጓዥ ገደለ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 28 ቀን ሲደግም የጋለ አመድና ጋዝ በሻራው ወርዶ ባሕሩ ላይ ሁሉ ሮጠ፤ አቅራቢያው የነበሩ ሰዎች በጀልባቸው ሸሽተው አመለጡ። ታኅሣሥ 30 ቀን 2002 ደግሞ ከሻራው የተናደው መሬት ባሕር ገብቶ ሱናሚ አስነሣ፤ ማዕበሉ የመንደሩን ቤቶች ሰባበረ፤ ክረምት ስለ ነበር ሰው ጥቂት ሆኖ የቆሰለ እንጂ የሞተ አልነበረም። ዛሬ ደሴቲቱ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሳይረን አላት፤ ባሕር ዳር ሆናችሁ ከሰማችሁት ንብረት ሳትሰበስቡ ወደ ከፍታ ውጡ፤ ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ወደ ጥልቁ ባሕር ራቁ፤ ሱናሚ የሚቆለለው ዳርቻ ላይ ነውና። ባለሥልጣናቱ የተራራውን ሁኔታ በአረንጓዴ፣ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ደረጃ ያስታውቃሉ፤ ከ2019 ወዲህም በእግር መውጣት ተገድቧል፤ በተለመደው ጊዜ ያለ መሪ እስከ 290 ሜትር፣ ከመሪ ጋር እስከ 400 ሜትር ነው፤ ሁኔታው ሲከፋ እሱም ይዘጋል።

ስትሮምቦሊ ለሸራ ጀልባ መጠለያ የሚሆን ወደብ የላትም። ባሕሩ ከዳርቻው ብዙም ሳይርቅ ይጠልቃል፤ ማቆሚያው ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ሌሊቱን መናጥ ሊኖር ይችላል። ትዕይንቱን አይታችሁ ባሕሩ ካልተመቸ በዚያው ሌሊት ወደ ፓናሬያ መመለስ ወይም አስቀድማችሁ መንደሩ ውስጥ ክፍል መያዝ እንጂ «እንግዲህ እንቻለው» ብሎ ማደር አያስፈልግም። ነፋሱ ከበረታ ደግሞ ስትሮምቦሊ ትቅር። ጋባዣችሁ ይህን ከእናንተ በፊት ቢናገር ጥሩ መርከበኛ ነው።

ለባለቤትዎ የሚነግሩት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ይህን ያህል ብቻ ይሁን፦ «ሳትጠይቀኝ እሺ ማለትህ አስከፍቶኛል። መሄዱን ግን አልጠላሁትም። ቩልካኖ ላይ ልጁ አይወጣም፤ እናትህ ሊፓሪ ያርፋሉ፤ በቃኝ ስል በቃ ነው፤ ይህን ለባልደረባህ ዛሬ ንገረው።» ቅሬታውንና ዕቅዱን አንድ ላይ ማንሣትዎ ባለቤትዎ አንዱን ብቻ ሰምተው እንዳይነሡ ይረዳል። መልሳቸው «ምን ይለኛል?» ከሆነ፣ እሳቸውና ትልቋ ይሂዱ፤ እርስዎ በአሊስካፎ ሊፓሪ ይጠብቋቸው። ይህም ቢሆን የቤተሰብ ጉዞ ነው።

ለጋባዡ ምን ይዘን እንሂድ ላሉት፣ በጣሊያን ባሕርተኞች ዘንድ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለወደብ ኪራይ ተሳፋሪዎች የሚያዋጡት «ካሳ ኮሙኔ» የሚባል የጋራ ገንዘብ አለ፤ ባለቤትዎ ሳይጠየቁ ድርሻቸውን በመጀመሪያው ቀን ያስገቡ። ከዚያ በተረፈ አንድ ኪሎ የተቆላ የይርጋ ጨፌ ቡናና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ይበቃል። ጀበናውን ቤት ይተዉት፤ ይሰበራል። ልብሳችሁን ታጥፎ በሚቀመጥ የጨርቅ ቦርሳ ያዙ፤ ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ጀልባ ላይ የሚገባበት ቦታ የለውም።